ኮባው ቀረ፣ ቆጮው የት ሄደ?

ቆጮ ሲባል ትዝ የሚለን ጉራጌና ሲዳማ ነው። ብዙዎቻችን የጎንደር ልጆች ቆጮን የተዋወቅነው አዲስ አበባ፣ ያውም ከክትፎ ጋር ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ ቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተቀምጦ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንሰት ጎንደር ላይ አምሮ እንደሚበቅል፣ በብዛት የሚገኘው ግን ከዓባይ ምዕራብ በሜጫ እንደሆነ ጽፏል። ተቀቅሎ ሲበላ ጥሩ ሆኖ በደንብ ያልበሰለ የስንዴ ዳቦ ይመስላል ይላል (ሰውዬው ለሆዱም ያውቅ ነበር)። ሳይንስ ተክሉን የሚጠራበት «ኤንሴቴ» የሚለው ስምም ከዚሁ መጽሐፍ የተወሰደ ነው።

ታዲያ የት ገባ? መልሱ ያለው አረባቡ ላይ ይመስለናል።

የጤፍ ዘር ጎተራ ውስጥ ይቆያል። ጦር ሲመጣ ገበሬው ቋጥሮት ይሰደዳል፣ ሲመለስ ይዘራዋል። የጓሮ እንሰት እንዲህ አይደለም። አንዴ ካበበ ይሞታል፤ ገበሬውም ዘሩን ሳይጠብቅ ቆርጦ ይበላዋል። እንደ ሙዝ ከጎኑ በራሱ ልጅ የሚያወጣም እምብዛም ነው። ሰው ነው የሚያዋልደው፤ ግንዱን ይቆርጣል፣ ከመሬት በታች ካለው ድብልብል አምቾ መሃል ለጋውን እምብርት ያወጣል፣ ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። ከወራት በኋላ ችግኞች ዙሪያውን ይፈላሉ፤ ካንድ እናት ከመቶ በላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አባት የላቸውም፣ ሁሉም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ከቦታ ቦታ እየተዛወሩ ለመብል እስኪደርሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ጎንደር እነዚያን ዓመታት ከየት ታምጣ? ብሩስ ራሱ የራስ ሚካኤል ስሁልን ጦርነት አይቷል። ዘመነ መሳፍንት እስከ 1855 ዘለቀ። በ1866 ከተማዋን ቴዎድሮስ አቃጠሏት፣ በ1888 ደርቡሽ ደገማት፣ ክፉ ቀንም ተከተለ። ቆርጦ የሚቀብር እጅ ሲጠፋ ለልጁ የሚተርፍ ችግኝ የለም።

ያው እጅ ጦስም ያመጣል። በደቡብ የእንሰት አጠውልግ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ተመዝግቧል፤ ከተክል ወደ ተክል ከሚያዛምቱት አንዱ የመቁረጫው ቢላ ነው።

ጎንደር ላይ የተረፈው ቅጠሉ ነው። ለጥምቀት ድፎ ዳቦ ሲደፋ እናቶቻችን ኮባ ከጓሮ ያስቆርጣሉ። አምቾውን ለመብል የሚቆፍር ግን እስካሁን አላየንም።