የፕሌይስቴሽን ቤቶች ዘመን
ከጅቡቲ ወደብ የገቢ ዕቃ ጭኖ የሚነሳው ከባድ መኪና በገላፊ ኬላ ገብቶ፣ ሰመራንና አዋሽን አልፎ መሀል አገር ይደርሳል። የፕሌይስቴሽን ቤት ታሪክም ከገቢ ዕቃ ታሪክ አይነጠልም።

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በኢትዮጵያ ከተሞች ማሽኑን የገዛው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ የተጫወተበት ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነው። ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አውራ ጣት የፈገፈገው ጆይስቲክ። ሂሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ የያዘ ይቀመጣል።

ለዚህ ማሽን የተሠራው የመጨረሻው የኮናሚ እግር ኳስ ጨዋታ ፔስ 2014 ነበር።

አፍቃሪዎቹ ግን አላቆሙም። የጨዋታውን ፋይል ከፍተው የተዛወሩ ተጫዋቾችን ስምና አዲስ ማሊያ እየተኩ በባዶ ዲቪዲ ገለበጡት። እንዲህ ያለው ጥበብ ሊከበር ይገባዋል። የተገለበጠውን ዲስክ እንዲያነብ፣ ብዙ ጊዜ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ይበየድ ነበር።