ኩረጃ ከፈተና አዳራሹ በፊት

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ብሔራዊ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ኩረጃን የመከላከሉ ሥራ በአመዛኙ የጥበቃ ጉዳይ ሆኗል። ጥበቃው እጅግ የጠነከረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈታኞች ከትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲፈተኑ ነው። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት የተመዘገበውም 3.2 በመቶ ነው።

ይህን ቁጥር የኩረጃ ልኬት አድርጎ ማንበብ ግን አያስኬድም። ቀደም ሲል የመግቢያ ነጥቡ የሚወሰነው ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት ተማሪ ብዛት ልክ ነበር፤ 50 በመቶ የግድ የሆነው በ2015ቱ ፈተና ነው። ከተፈታኞቹ ብዙዎቹ በኮሮናና በጦርነት ምክንያት ትምህርታቸው ተቋርጦባቸዋል። ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነገር አጋልጧል፦ ለዓመታት ከክፍል ክፍል ሲዛወሩ የኖሩ ተማሪዎች ማወቅ አለማወቃቸውን ያጣራ አልነበረም።

ለእኔ ከአጤሬራ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የቡድን ሥራ ተሰጥቶ አንዱ ጎበዝ ሲሠራው የሌሎቹ ስም ይጻፍበታል፤ ውጤቱም ለሁሉም እኩል ይሞላል። መምህሩ ያውቃል። ግን በታጨቀ ክፍል የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት ጊዜ የለውም፤ ብዙ ተማሪ ከጣለ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። ወላጅም ልጁ ማለፉን እንጂ እንዴት እንዳለፈ አይጠይቅም። በዚህ መንገድ ያደገ ተማሪ በፈተና ቀን የጓደኛውን መልስ ሲገለብጥ እንደ መረዳዳት ይቆጥረዋል፤ የከለከለውን ደግሞ ክፉ ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ይጠብቁታል።

ስለዚህ ከፍተሻው ጎን ለጎን ርካሽ ነገር ግን ጊዜ የሚፈልግ እርምጃ ያስፈልጋል፦ ተማሪው ያስረከበውን ሥራ በቃል እንዲያስረዳ ማድረግ። አስር ደቂቃ የማይሞላ ጥያቄና መልስ ማን እንደሠራው ያሳያል። ይህ እንዲሆን ግን የመምህሩ የክፍል ጫና መቀነስ፣ በሐቅ ዝቅተኛ ውጤት የሰጠ መምህርም ከርእሰ መምህሩ ከለላ ማግኘት አለበት።