የጅማ አንባቢ ሦስት ፊደላት

ስለ ጅማ አንባቢ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ወቀሳ ነው፤ ወጣቱ መጽሐፍ ትቶ ስልኩ ላይ ተተክሏል ይባላል። ወቀሳው ዋናውን ነገር ዘሎ የሚያልፍ ይመስለኛል። በአወቱ መንደራም ሆነ በአጋሮና በሊሙ፣ የአያት መጽሐፍ ለልጅ ልጅ እንዳይደርስ መንገዱን ያቋረጠው ከስንፍና ይልቅ የፊደል መለዋወጥ ነው። ከመቶ ዓመት እምብዛም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ የዚህ አካባቢ አንባቢ ከዓረብ ፊደል ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ላቲን ተሻግሯል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ አዲስ አንባቢ ተወልዷል፤ በቤት ያለው መጽሐፍ ግን ለተከታዩ ትውልድ ባዳ ሆኗል።

ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስልምናን ከተቀበሉ ወዲህ ጅማ የዒልም (የሃይማኖት ትምህርት) አገር ሆነች። በዳግማዊ አባ ጅፋር ረጅም ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) የሂርማታ ገበያ ነጋዴውን ከየአቅጣጫው ሲስብ፣ ከነጋዴው ጋር ኪታብና ደረሳም (የሃይማኖት ተማሪም) ይመጣ ነበር። የዚያ ዘመን አንባቢ ውሎው ከባድ ነው። ቁርኣንን በሉህ ላይ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ለፊቅህ (ለሃይማኖት ሕግ) ሚንሃጅን፣ ለነሕው (ለዓረብኛ ሰዋስው) የኢብን ማሊክን አልፊያ፣ ለተፍሲር (ለቁርኣን ትርጓሜ) ጀላለይንን ይማራል። ሼሁ ፊት ቁጭ ብሎ ሐረግ በሐረግ ይሰማል፣ ይደግማል፣ ትርጓሜውን በኅዳጉ ላይ ያሰፍራል፤ ኪታቡ ከሌለው ተውሶ በእጁ ይገለብጣል። እንዲህ የተገለበጠ መጽሐፍ በቀላሉ አይረሳም። «ይህ ሃይማኖት እንጂ ንባብ አይደለም፤ ደግሞም የጥቂቶች ነበር» የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። ጥቂቶች መሆናቸው እውነት ነው። የጎጃም ቅኔ ቤትም የጥቂቶች ነበር፤ ይሁንና ጎጃም አንባቢ አልነበራትም የሚል የለም። ከዚያም በላይ ያው የዓረብ ፊደል ዓጀም ሆኖ ኦሮምኛና አማርኛ ጽፏል፤ መንዙማው፣ የዘር ሐረጉ፣ የመድኃኒቱ አዘገጃጀት፣ ደብዳቤው ሁሉ በእሱ ሰፍሯል።

የግዕዝ ፊደል ታሪክ ከዚህ አካባቢ ጋር የተሳሰረበት አንዱ ክር የሚያሳዝንም የሚያኮራም ነው። በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት የተዳረገችው አስቴር ጋኖ፣ ነፃ ከወጣች በኋላ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው ሞንኩሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አሳተመች። በ1899 ለታተመው የኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ ደክማለች። ለጅማ ሰው ግን ፊደሉ በስፋት የደረሰው በትምህርት ቤትና በመንግሥት ቢሮ በኩል፣ በአማርኛ ነው። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 በተከፈተበት ዘመን ያደገው ተማሪ አዲስ ዘመን ጋዜጣን የሚያነብ ሆነ፤ በኋላም ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ አዳመጠ። ኦሮምኛ ራሱ በግዕዝ ፊደል በሰፊው የወጣው ዘግይቶ ነው፤ በሪሳ ጋዜጣ በ1968 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተነሣው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከያዛቸው 15 ቋንቋዎችም አንዱ ሆነ። በኩራዝ ፊት ፊደል የቆጠረ ገበሬ ጋዜጣውን ለመልመድ ያገኘው ጊዜ ግን አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ቁቤ መጣ። ይህን የምጽፈው ቁቤን ለመንቀፍ አይደለም። በኦሮምኛ የአናባቢ መርዘምና የተናባቢ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣሉ፤ የግዕዝ ፊደል ሁለቱንም በወጉ አያሳይም። ሼህ በክሪ ሳጳሎ በሐረርጌ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል እስከ መፍጠር የደረሱትም የነበረው ፊደል ቋንቋውን ስላልበቃው ነው። ልጅ በአፍ መፍቻው ማንበብ መቻሉ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት የትናንቱ በሪሳና የዘመቻው መማሪያ መጽሐፍ በአንድ ቤት ውስጥ ባለቤት አጡ፤ ዓጀሙማ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ከቀረ ቆይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ፊደል ባልተለወጠበት በአዲስ አበባና በጎንደርም ንባብ ቀንሷል እየተባለ ይታዘናል። የወረቀት ዋጋና የቤተ መጻሕፍት እጥረት የሁላችንም ችግር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የጎንደሩ ወጣት ልቡ ከተነሣሣ የአያቱን ልብ ወለድ ከመደርደሪያ አውርዶ ማንበብ ይችላል። የጅማው ወጣት የአያቱን ኪታብ ሲገልጥ የሚያየው መስመር ብቻ ነው፤ የአባቱን ጋዜጣ ደግሞ ድምፁን ቢያውቀውም ፊደሉ ያደናቅፈዋል። የጎንደሩ ባያነብ ማንበብ ስለተወ ነው፤ የጅማው ግን የወረሰው ስለማይነበብለት ነው።

ስለዚህ በጅማ አካባቢ ኪታቦችን በፎቶግራፍ የማስቀረቱ ሥራ መልካም ቢሆንም ግማሽ መንገድ ነው፤ ፎቶው ዓጀምን ለማያነብ ሰው ያው ዝግ ነው። ኪታቡን የተማሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ የዓጀሙ መንዙማና የዘር ሐረግ በቁቤም በግዕዝ ፊደልም ጎን ለጎን መታተም አለበት፤ የድሮዎቹ የበሪሳ ዕትሞችም እንዲሁ በቁቤ ተገልብጠው በከተማዋ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ ላይ መገኘት አለባቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው አንዳንድ ኪታብ ቢይዙ እንኳ ሥራው ይጀመራል።