ዜና መዋዕል ዘካላዋኦ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ። የሃዋይ ነገሥታት በሥጋ ደዌ ለተያዘው ሕዝባቸው ያደረጉትን ቸርነት እንጽፋለን።

አምስተኛው ካሜሃሜሃ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1865፣ ደዌው በአገሩ ስለ በዛ፣ ሕሙሙ ከጤነኛው ይለይ የሚል ሕግ በፊርማው አጸና። የጤና ጉባኤውም በሞሎካይ ደሴት በሰሜን በኩል ካላዋኦ የሚባለውን ምድር ገዛ። ያም ምድር በሦስት ወገን ባሕር፣ በአራተኛው ወገን የታመመ እግር የማይወጣው ገደል የከበበው ነው። ቤቶቹንና የጎደሬ ማሳዎቹን ጨምሮ ገዛው፤ ሕሙማኑ ጎደሬና ስኳር ድንች ተክለው፣ ከብት አርብተው፣ ግምጃ ቤቱ ሳይጎዳ በላባቸው እንዲኖሩ ተመክሮ ነበርና። መልካም ምክር ነው። የተመከረው ግን በሆኖሉሉ ነው፤ በሆኖሉሉ ሆኖ ጣት የሌለው ሰው ዶማ እንዴት እንደሚይዝ አይታይም።

ጃንዋሪ 6 ቀን 1866 በመጀመሪያ 9 ወንዶችና 3 ሴቶች ደረሱ። ነባሮቹ ገበሬዎች ትተውት የሄዱትን ሰብል አግኝተው በሉ። ከዚያ ወዲያ ስላሉት ዓመታት ነገር ማስረዘም አይገባም፤ ሁሉም እንደ ታሰበው አልሆነም።

የጉባኤው እንደራሴ ሩዶልፍ ማየር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ጠንቃቃና ቅን ሰው ነበር፤ ቤቱም ከገደሉ በላይ ነበር።

በ1873 ሉናሊሎ ነገሠ፤ ሕጉንም አጠበቀ። ሕሙም በየደሴቱ እየተፈለገ ተላከ። የንግሥት ኤማ የአክስት ልጅ ፒተር ካዬኦም በዚያው ዓመት ወደ ሰፈሩ ወረደ፤ ሕጉ ለባላገርና ለመኳንንት አንድ መሆኑን በዚህ ዕወቁ። በ1876 ወደ ሆኖሉሉ ተመለሰ።

በዚያው በ1873 ሜይ 10 ቀን ዳሚያን የተባለ ካህን ከቤልጅግ ወገን፣ ዕድሜው 33 የሆነ፣ ወደ ካላዋኦ ገባ። የሮም ካህን ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን የሮምን ሃይማኖት አይከተልም ነበር። ቢሆንም እግዚአብሔር በማን እጅ እንደሚሠራ እርሱ ያውቃልና ምሕረቱን አንደብቅም።

ያን ጊዜ ውኃ ከሩቅ ሸለቆ በቆርቆሮ ተቀድቶ በትከሻ ይመጣ ነበር። ጣቱን ያጣ ሰው የቆርቆሮውን እጀታ በክንዱ አቅፎ፣ ግማሹን በመንገድ እያፈሰሰ ይደርሳል፤ ጉልበት ያለው ዘመድ የሌለው ጠጥቶ እንጂ ታጥቦ አያድርም፤ ከቁስሉም የሚወጣው ሽታ ከዚህ የተነሣ ነው። እነሆ የንጉሡ መንግሥት ቸርነት በዚህ ተገለጠ፤ በዚያው በ1873 የብረት ቧንቧ በመርከብ ላከ። ካህኑና መሥራት የሚችሉት ሕሙማን ቧንቧውን ዘረጉ፤ ትንሽ ኩሬም ሠርተው ከዚያ ጠጡ፤ ታጠቡም። ቆይቶ ደግሞ ካህኑ ልጆች አስከትሎ የዋይሃናውን ሸለቆ ሽቅብ ሄደ፤ በዚያም ርዝመቱ 72 ጫማ፣ ወርዱ 55 ጫማ የሆነ፣ ለክብነት የቀረበ የተፈጥሮ ኩሬ አገኘ። ጥልቀቱን ቢለኩት 18 ጫማ ሆነ፤ ውኃው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነው። የአገሩን ሽማግሌዎች ቢጠይቃቸው፣ ሲደርቅ አይተነው አናውቅም አሉት። ስብሐት ለእግዚአብሔር!

ከዚያም ኮና የሚሉት ነፋስ ተነሥቶ የሕሙማኑን የበሰበሱ ጎጆዎች ጣላቸው። ማየር ይህን በሰማ ጊዜ እንጨት በመርከብ አስላከ፤ ካህኑም መዶሻ ይዞ ቤት ሠሪ ሆነ።

በዚያ ዘመን የካላዋኦ አለቃ ዊልያም ራግስዴል ነበር፤ የሕግ ሰውና የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አስተርጓሚ የነበረ፣ ደዌው ሲታይበት ማንም ሳይዘው እጁን የሰጠ ጀግና። በዘመኑ ሥርዓት ነበረ። በ1877 በሞተ ጊዜ ካህኑ ለጥቂት ወራት በቦታው ተተካ፤ ከዚያም ሹመቱን ተወ። ስለ ምን እንደ ተወው ለመጻፍ አልታዘዝንም።

በ1881 ንጉሥ ካላካዋ ዓለምን ሊዞር በሄደ ጊዜ እኅቱ ሊሊዑኦካላኒ እንደራሴ ሆና ወደ ሰፈሩ ወረደች። ሕዝቡ ተሰልፎ ተቀበላት፤ ልትናገር ቆማ እንባ ቀደማት። በሕሙማን ፊት ያለቀሰ ንጉሣዊ አንደበት ከተናገረው ይልቅ ይበልጣል። ካህኑንም በካላካዋ ኒሻን አከበረችው።

ስለ ምግቡ የጠየቀ ቢኖር ይህ ነው፦ ሕሙማኑ የሚበሉት ጎደሬ ከፔሌኩኑ፣ ከዋይላውና ከሃላዋ ሸለቆዎች በጀልባ ይመጣ ነበር፤ ማዕበል በበረታ ጊዜ አይደርስም ነበር፤ በፈንታው ሩዝ ይታደል ነበር። ዋጋውን ግምጃ ቤቱ ይከፍል ነበር።