የሙነሳ ዝግባዎችና የቁጥር ነገር

ስለ ጫካ ሲወራ ንግግሩ ቶሎ ወደ ቁጥር ያመራል፤ ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ። የአርሲ ደጋ ያሳለፈው ታሪክ ግን በቁጥር አይነበብም፤ የሚነበበው በግንድ ውፍረት ነው። ጫካ እያረጀ ሲሄድ ዛፎቹ ይቀንሳሉ እንጂ አይበዙም። ለጋ ሳለ ቀጫጭን ግንዶች ተፋፍገው ይወጣሉ፤ በብርሃንና በውሃ ሲሻሙ የተበለጡት በቁማቸው ይደርቃሉ፣ የተረፉት ቦታቸውን ወርሰው ይወፍራሉ። አሜሪካዊው የደን ባለሙያ ራይኒክ በ1933 እ.ኤ.አ. ነገሩን በስሌት አስቀምጦታል፤ እኩያ ዛፎች በተፋፈጉበት ደን አማካይ የግንድ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል።

ከላንጋኖ በስተምሥራቅ ወደ ደጋው በሚወጣው ተዳፋት ላይ ያለው የሙነሳ ጫካ የዝግባ፣ የጥድ፣ የቀረሮና የጥቁር እንጨት አገር ነው። የጣውላ መሰንጠቂያ ቀጭኑን አይሻም፤ ወፍራሙንና ቀጥ ያለውን ይመርጣል። የሚቆረጠው ግንድ ጥቂት ነው፤ የሚሄደው ግን የብዙ ትውልድ ዕድገት ነው። በተከፈተው ቦታ ብሳና ፈጥኖ ይወጣል፤ በዚያ ጊዜ የሚመጣ ቆጣሪ ምናልባት ከቀድሞው የበዛ ግንድ ይመዘግባል። ጫካው ግን ተዘርፏል። ቀጥሎ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በተርታ ተተከሉ፤ ቁጥሩ እንደገና አደገ። በጭላሎ ግርጌ ደግሞ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት የስንዴ እርሻን አስፋፋ፤ ባለመሬቱም ትራክተር እያስገባ ጢሰኛውን አፈናቀለ። ትራክተር ጉቶ አይወድም።

ማገዶና ማገር የቸገረው ገበሬ የሚፈልገው ብዙና ቀጭን እንጨት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ጎጆ አቁሟል፣ በጫካው ላይ የሚያርፈውንም መጥረቢያ ቀንሷል። ይሁንና ተክልና ጫካ የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። አንድም ሳይደርቅ ሁሉም ቢጸድቅ እንኳ፣ ተፋፍጎ የተተከለው እያደገ ሲሄድ እርስ በርሱ ተሻምቶ መሳሳቱ አይቀርም፤ መሳሳቱም ጤና ነው። የችግኝ ቁጥር የተስፋ ቁጥር ነው።

ታዲያ ጥቂት ግዙፍ ዛፎች ካሉ ጫካ አለ ማለት ነው? አይደለም። ያረጀ ጫካ ሁሉም ዕድሜ አለው፤ ብዙ ቡቃያ፣ ያነሰ ለጋ፣ ጥቂት አዛውንት። በገብስ ማሳ መካከል ብቻውን የቀረ ዝግባ ወራሽ የለውም፤ ፍሬው ቢወድቅ ማረሻው ይገለብጠዋል፣ ከብቱ ይረግጠዋል። በሌላ በኩል ፈይራ ሰንበታ፣ ደመል ተከታይና ባልደረባቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሙነሳ ሻሸመኔ በተተከሉት ባዕድ ዛፎች ጥላ ሥር የአገር ዛፎች ቡቃያ ሲወጣ አግኝተዋል። ለጣውላ በተርታ የቆመው ተክል ለአገሩ ዛፍ ጥላ ሆኗል፤ እነዚያን ቡቃያዎች የሚያሰጋቸው ተርታው ለጣውላ የሚቆረጥበት ቀን ነው።