ከኢሊ እስከ ዊንተርበርን ቪው

ከድሮ ተማሪዎቼ መካከል እንግሊዝ ገብታችሁ «ኬር» የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። የዛሬዋ ታሪክ የእናንተው ሙያ ታሪክ ናት። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

በ1967 ካርዲፍ ውስጥ ኢሊ በሚባል ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ረዳት ነርስ ያየውን ጽፎ ለጋዜጣ ላከ። ኢሊ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ለዓመታት የሚኖሩበት ቦታ ነበር። ሕሙማኑ ይመታሉ፣ ምግባቸውና ልብሳቸው ይሰረቃል ነው ክሱ። ምርመራውን የመሩት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ጄፍሪ ሃው ናቸው። ሚኒስትሩ ሪቻርድ ክሮስማንም ሪፖርቱን በ1969 ሳይቆረጥ አሳተሙት። በ1971 መንግሥት እነዚህ ሰዎች ቀስ በቀስ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥተው ሰፈር ውስጥ እንዲኖሩ የሚል ፖሊሲ አወጣ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል አይደል?

ዊንተርበርን ቪው በ2006 ብሪስቶል አጠገብ የተከፈተ የግል ሆስፒታል ነበር። አልጋው 24 ብቻ ነው፤ እንደ ድሮው ግዙፍ አይደለም። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈልለታል፣ ያውም ከሕዝብ ገንዘብ። በ2010 ቴሪ ብራያን የሚባል ነርስ ለአለቆቹ ጻፈ፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ደጋግሞ አመለከተ። የሰማው የለም። ቢቢሲ ግን ሰማው። አንድ ጋዜጠኛ ሠራተኛ መስሎ ተቀጥሮ በድብቅ ካሜራ ቀረጸ፤ ፓኖራማ በሜይ 2011 አሳየው። ልብሷን እንደለበሰች ውሃ የሚደፋባት ወጣት ታያላችሁ። እኔ አንዴ አይቼው ሁለተኛ አልደገምኩትም። ሆስፒታሉ በወሩ ተዘጋ፣ 11 ሠራተኞች ጥፋተኛ ተባሉ፣ 6ቱ ታሰሩ።

«ጥቂት ክፉ ሰዎች ናቸው» የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አይዋጥልኝም። ሆስፒታሉ ራሱ በ2010 ብቻ 379 ጊዜ ሕሙማንን በጉልበት መያዙን መዝግቧል። 24 አልጋ ላይ! መዝገቡ በድብቅ የተያዘ አይደለም፤ ቁጥሩን አይቶ «ምንድነው ይሄ?» ያለ ጠፋ እንጂ። ሌላው ደግሞ ቤተሰብ ልጁን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ወደ ዋርዱም ሆነ ወደ መኝታ ክፍሉ እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። እናት የልጇን አልጋ ማየት ካልቻለች፣ ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ምን ሊያይ ነው?

መንግሥት ያለቦታው ሆስፒታል የተቀመጠ ሰው ሁሉ እስከ ጁን 2014 ወደ ሰፈሩ ይመለሳል ብሎ ቃል ገባ። ቀኑ አለፈ። በ2019 ደግሞ ዱራም ካውንቲ ውስጥ፣ ዎርልተን ሆል በሚባል ሆስፒታል፣ ያው ፓኖራማ፣ ያው ድብቅ ካሜራ።

እዚያ ያላችሁ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ እናንተ የምትሠሩበት ቤት ቤተሰብ ሳይቀጥር መጥቶ እስከ መኝታ ክፍል ድረስ ይገባል?