ብርድና ሞተር በሞስኮ ግንባር
ስለ ሞስኮ ውጊያ ሲነገር የጄኔራሎች ስም ይበዛል፤ እኛ ግን ስለ ሞተሩ ጥቂት እንበል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1941 መጨረሻ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን ባለፈ ጊዜ በጀርመን ታንኮች ውስጥ ዘይቱ እንደ ማር ረጋ፤ ቤንዚኑም ወደ ተን መለወጥ ተሳነው። ወታደሮቹ ሞተሩን ለማሞቅ ከሥሩ እሳት ያነዱ ነበር፤ ከነዳጅ አጠገብ እሳት! ምን ያህል ቢጨንቃቸው ነው? የሶቪየቱ ቲ-34 ታንክ ግን ባትሪው ቢደክም እንኳ በታመቀ አየር ኃይል የሚነሣበት መሣሪያ ነበረው።

ቲ-34 የሚሠራው በናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ሲበርደው አብዝቶ የሚንኳኳው፣ የታመቀው አየር በበቂ ስለማይግል የተረጨው ናፍጣ ወዲያው ሳይቀጣጠል ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ቦግ ስለሚል ነው። በደብረ ብርሃን ማለዳ የሚነሣ የጭነት መኪና ያዳመጠ ተማሪ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ጩኸቱም መንቀጥቀጡም ይቀንሳል።